«ደሜ አይዘዋወርም»፦ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ታሪክና የድሬዳዋ ሕመምተኛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በድሬዳዋ ከተማ በምሠራበት የተመላላሽ ሕሙማን ክፍል አንዲት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ለምርመራ ቀረበች። በገበያ ልብስ እየሸጠች ሦስት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። «ዶክተር፣ ደሜ አይዘዋወርም» አለችኝ። «እጅና እግሬ ይቀዘቅዛል፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፤ ጉልበቴ ከድቶኛል።» ከቦርሳዋም የቻይና ጽሕፈት ያለበት የክኒን ካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ደም ያዘዋውራል፣ ብርታትም ይሰጣል ተብሎ እንደተሸጠላትና ለስምንት ወራት ያህል እንደወሰደችው ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲከብዳት ጫት ትቅማለች፤ «ትንሽ የሚያበረታኝ እሱ ነው» አለች።

ካርቶኑን አየሁና ፈገግ አልኩ። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ እርሷ ግን ፈገግታዬን አየችው። ከዚያ በኋላ ለጠየቅኋት ሁሉ መልሷ «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ ሆነ። የዐይኗ ሽፋን ውስጡ ነጥቶ ስለነበር የደም ምርመራ አዘዝኩ፤ ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር 5.8 ግራም ሆኖ ተገኘ። የደም ማነሱን ምክንያት ያገኘችው ግን አብራኝ የምትሠራ አንጋፋ ነርስ ናት። ሕመምተኛዋን ወደ ጎን ወስዳ ስታነጋግራት የወር አበባዋ ከአንድ ዓመት በላይ ከመጠን ያለፈ እንደነበር ነገረቻት። በአልትራሳውንድ ሲታይም የማሕፀን ዕጢ ተገኘባት። ይህን ለእኔ ለምን እንዳልነገረችኝ ነርሷ ስትጠይቃት «በሚስቅብኝ ሰው ፊት እንዴት አድርጌ?» ብላ ነበር የመለሰችላት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ተረቱ ሕመምተኛውን ይወቅሳል፤ በዚያ ቀን ግን በሽታዋን ያስደበቅኋት እኔ ነበርኩ። ካርቶኑ በሳቅ የሚታለፍ ሳይሆን ረጅም ታሪክ ያለው ነገር መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ባነበብኩት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ቺ እና ደም

«ደሜ አይዘዋወርም፣ አቅምም የለኝም» የሚለው አቤቱታ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ውስጥ የራሱ ስምና ሥፍራ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛውና በአንደኛው ምዕተ ዓመት ገደማ እንደተጠናቀረ የሚገመተው «ኋንግዲ ኔይጂንግ» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ «ቺ» የሚባል ኃይል እንዳለ ያስተምራል። በዚህ ትምህርት መሠረት ቺ ደምን ይመራል፤ ደምም ቺን ይመግባል። ቺ ሲያንስ ሰው ይዝላል፤ ደም ሲረጋ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ያማል። ሐኪሙ የልብ ትርታን በእጅ አንጓ ላይ ዳስሶ፣ ምላስን አይቶ፣ የጎደለውን ለመሙላት ወይም የረጋውን ለማንቀሳቀስ ዕፅዋትን ይቀምማል፤ በመርፌ ይወጋል፤ በዋንጫ ይስባል።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሀገራችን ዋገምት የሚያደርጉ ባለሙያዎች ቆዳን በጥቂቱ በጥተው በቀንድ «የተበላሸውን ደም» ሲስቡ ኖረዋል። ምክንያቱን ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ከቻይናው ሐኪም መልስ ብዙ አይርቅም። የሰው ልጅ በየትም ሥፍራ ሲደክመውና ሲቀዘቅዘው መጀመሪያ የጠረጠረው ደሙን ነው።

ስሕተቱም ቢሆን የጋራ ነበር። በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ግሪካዊው ኤራሲስትራቶስ የደም ቅዳ ቧንቧዎች የሚይዙት ደም ሳይሆን አየር መሰል መንፈስ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከእርሱ ከሁለት ሺህ ዓመታት በኋላ በቻይና የተነሣው ሐኪም ዋንግ ቺንግረን (1768-1831) የጥንቱን መጽሐፍ አልቀበልም ብሎ በመቃብር ሥፍራና በሞት ፍርድ መፈጸሚያ ቦታ የሰው ሬሳ ተመለከተ። በ1830 ባሳተመው መጽሐፉም የቀደሙትን ሊቃውንት ስሕተት ለማረም ሞከረ። እርሱም ግን የሞተ ሰው ቧንቧዎች ባዶ ሆነው ስላገኛቸው ቺ የሚያልፍባቸው ናቸው አለ፤ ልብም ደም የለባትም ብሎ ደመደመ። ሁለቱም በድፍረት መርምረዋል፤ ሁለቱንም ያሳታቸው የሞተ አካል የሕያውን ዝውውር አለማሳየቱ ነው። ዛሬ በገበያ «ደም አዘዋዋሪ» ተብለው የሚሸጡ ብዙ የቻይና ቅምሞች የሚከተሉት የዋንግ ቺንግረንን ስለ ደም መርጋት የሚያወሳ ትምህርት ነው።

ከደም ዝውውር ምሥጢር አንዱን ክፍል፣ ማለትም ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በካይሮ የሠራው ሶርያዊው ኢብን አል-ነፊስ ጽፎታል። ሙሉውን ዑደት በ1628 በመለካትና በሙከራ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬይ ነው። ሃርቬይ ልብ በአንድ ምት የምትገፋውን የደም መጠን ገምቶ በምቱ ብዛት ሲያባዛ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ደም በላይ ሆኖ አገኘው። ይህ ሁሉ ደም በየጊዜው አዲስ ሊፈጠር አይችልም፤ ስለዚህ ተመልሶ ይመጣል አለ። ጥንታዊውን አሳብ ያፈረሰው ቀላል ስሌት ነበር።

ወደ እኛ የመጣበት መንገድ

ዛሬ «የቻይና ባህላዊ ሕክምና» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሥርዓት በዚህ መልኩ የተደራጀው በቅርብ ዘመን ነው። በዘመናት ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ ብዙ ትምህርቶችና የቤተሰብ ሙያዎች ነበሩ። የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ መንግሥት በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም እጅግ ስላነሰው እነዚህን አሰባስቦ ወጥ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ በ1956 በቤጂንግ፣ በሻንጋይ፣ በጓንግዡና በቼንግዱ ኮሌጆችን ከፈተ።

ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት በ1970 ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1971 ቤጂንግን ጎብኝተው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ። በ1974 የመጀመሪያው የቻይና የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከዚያ ወዲህም ከሄናን ክፍለ ሀገር የሚላኩ ቡድኖች በተከታታይ አገልግለዋል፤ በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከሠሩባቸው ተቋማት አንዱ ነው። በቡድኖቹ ውስጥ የሚበዙት የቀዶ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌና የመሳሰሉት ዘመናዊ ሙያዎች ባለቤቶች ሲሆኑ የመርፌ ሕክምና ባለሙያዎችም አብረው ይመጣሉ።

ድሬዳዋ ደግሞ ባሕር ማዶውን በራሷ በር ታውቀዋለች። ከተማዋ የተመሠረተችው በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ነው። ጨርቁም፣ ሽቶውም፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስም ከወደቡ በዚያ መንገድ መጥቷል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የተሠራው በቻይና ኩባንያዎች ነው። የሩቅ ምሥራቅ ሸቀጥ ለድሬዳዋ ሰው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለመረዳት ከትልልቆቹ ገበያዎቿ አንዱ «ታይዋን» ተብሎ መጠራቱ ይበቃል። የሕመምተኛዬ ካርቶን ያለ ሐኪም፣ ያለ መድኃኒት ባለሙያና ሊነበብ የሚችል መመሪያ ሳይኖረው እጇ መድረሱ እንግዲህ ሊያስደንቀን አይገባም።

ከማ ኋንግ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል

ለመሆኑ ከዚህ ሕክምና ውስጥ ደምን በእርግጥ የሚያንቀሳቅስ ነገር ተገኝቷልን? አዎን፤ እኛም ስሙን ሳናነሣ ስንጠቀምበት ኖረናል።

ቻይናውያን ማ ኋንግ የሚሉትን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤፌድራ የተባለውን ተክል፣ ለሳልና ለትንፋሽ ማጠር ሲያፈሉት ከሁለት ሺህ ዓመታት ያላነሰ ጊዜ ሆኗቸዋል። በ1885 ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ ከተክሉ ውስጥ ፍቱን የሆነውን ንጥረ ነገር ነጥሎ አወጣ፤ ስሙም ኤፌድሪን ተባለ። በ1923 በቤጂንግ ከካርል ሽሚት ጋር ይሠራ የነበረው ቼን ኬኩይ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በባህላዊ ሕክምና የሚተዳደር አጎቱ የነገረውን ይዞ የማ ኋንግን ፍል በሰመመን ላይ ላለ ውሻ በደም ሥር ሰጠው። የውሻው የደም ግፊት ከፍ አለና ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየ። ግኝቱን በ1924 አሳተሙት፤ ኤፌድሪንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም የመድኃኒት መደብሮች ተዳረሰ።

በየሆስፒታላችን በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት በጀርባ አጥንቷ በኩል ሰመመን ሲሰጣት የደም ሥሮቿ ይሰፋሉ፤ ግፊቷ ይወርዳል፤ ያጥወለውላታል፤ ለፅንሱ የሚደርሰውም ደም ይቀንሳል። በዚያች ደቂቃ የሰመመን ባለሙያው ከሚያነሣቸው መድኃኒቶች አንዱ ኤፌድሪን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዚሁ አገልግሎት አስፍሮታል። ምንም እንኳ ፌኒልኤፍሪን በሚገኝበት ሥፍራ አሁን እርሱ ተመራጭ ቢሆንም የጥንቱ የቻይና ተክል ልጅ ዛሬም የእናቶችን የደም ዝውውር ይደግፋል።

ይኸው ንጥረ ነገር ያለ መጠንና ያለ ምርመራ ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግም ታይቷል። በአሜሪካ ኤፌድራ «ብርታት ሰጪ» እና «ክብደት ቀናሽ» ተብሎ በገፍ ይሸጥ ነበር። የልብ ድካም፣ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስና ድንገተኛ ሞት ሪፖርት ከተደረገ በኋላ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2004 ኤፌድራ ያለባቸውን የምግብ ተጨማሪዎች አገደ። ተክሉ አንድ ነው፤ በአንዱ ቦታ ሕይወት ያተርፋል፣ በሌላው ሕይወት ያጠፋል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ለማን፣ ለምን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚሰጥ ማወቅ ነው።

የራሳችን ማ ኋንግ

እዚህ ላይ የድሬዳዋ ሐኪም ልብ ሊለው የሚገባ ዝምድና አለ። ሕመምተኛዬ «የሚያበረታኝ እሱ ነው» ያለችው ጫት በውስጡ ካቲን የሚባል ንጥረ ነገር ይዟል። ይህም በማ ኋንግ ውስጥ ከሚገኙት የኤፌድሪን ዘመዶች አንዱ ነው። ካቲን ከጫት ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1930 ሲሆን ከእርሱ እጅግ የሚበረታው ካቲኖን በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለየ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ከአወዳይ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ጫት የጫኑ መኪናዎች የሚሮጡበት ምክንያት ይኸው ኬሚስትሪ ነው።

ስለዚህ ቻይናዊው ገበሬ ማ ኋንግን፣ ሐረርጌያዊው ገበሬ ጫትን ሲመርጡ፣ ሳይተዋወቁ ወደ አንድ ቤተሰብ ንጥረ ነገር ደርሰዋል። ሁለቱም የልብ ምትን ያፋጥናሉ፣ የደም ሥርን ያጠባሉ፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ፣ ድካምንም ለጊዜው ያስረሳሉ። ምርቃናው ሲበርድ ግን የደከመው ሰውነት እዚያው ነው። ይባስ ብሎ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የገጠር ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከደም ማነስ ጋር ግንኙነት እንዳለው አመልክቷል። ለድካም የሚወሰደው ነገር የድካሙን ምክንያት ሊያባብስ ይችላል ማለት ነው። ሄሞግሎቢኗ 5.8 የሆነ ሴት ልቧ በራሱ እየሮጠ ሳለ ጫት ሲጨመርበት ምን ያህል እንደሚጨነቅ ለጤና ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዕፅዋቱን የጠየቁ ሰዎች

ከቻይና የሚነሣ ሌላ ታሪክ ደግሞ ሌላውን የድካም ምክንያት፣ ወባን፣ ይመለከታል። የቻይና መንግሥት በግንቦት 1967 የወባ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረ። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ ሥራውን በ1969 ተቀላቅላ ጥንታዊ መጻሕፍትን ስትመረምር በአራተኛው ምዕተ ዓመት ሐኪሙ ጌ ሆንግ ቺንግሃዎ የተባለውን ተክል ሳያፈላ፣ በውኃ ዘፍዝፎና ጨምቆ እንዲጠጣ ማዘዙን አስተዋለች። ሙቀቱ ፈዋሹን ነገር ያጠፋው ይሆን ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ብታወጣው በጥቅምት 1971፣ ንጉሠ ነገሥታችን ቻይናን በጎበኙበት በዚያው ወር፣ ፍሉ በአይጦች ላይ የወባውን ጥገኛ ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። አርቲሚሲኒን የተባለው ንጥረ ነገር በ1972 ተለየ፤ ቱ ዩዩም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነች።

ኢትዮጵያ በ2004 ኮአርተምን ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት ስታደርግ የዚህ ታሪክ ተቋዳሽ ሆነች። ድሬዳዋም በ2022 በደረቁ ወራት የወባ ወረርሽኝ ባጋጠማት ጊዜ፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ወራሪ የትንኝ ዝርያ ከወረርሽኙ ጋር መያያዙ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ በከተማችን «ደከመኝ» ያለ ሰው፣ ዝናብ ባይኖርም እንኳ፣ የወባ ምርመራ ሊታሰብለት ይገባል።

ከእኛም ወገን ተመሳሳይ ምሳሌ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ጉዳዩን በቤተ ሙከራ ተከታትለውም እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አረጋገጡ። ቼንም፣ ቱም፣ አክሊሉም ያደረጉት አንድ ነው፤ የሕዝቡን ልማድ አልናቁትም፣ እንዳለም አልተቀበሉትም፤ ጠየቁት።

ያልተጠየቀው ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቤልጂየም አሳይታለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ የክብደት መቀነሻ ሕክምና የተሰጣቸው ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ በኋላም ከእነርሱ በአንዳንዶቹ ላይ የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተገኘ። ምክንያቱ በአንድ የቻይና ተክል ፈንታ በስም የሚመሳሰል፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ሌላ ተክል መግባቱ ነበር። ከዚህም ሌላ ዳንሸን የተባለው «ደም አዘዋዋሪ» ሥር ዋርፋሪን ከሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ጋር ሲገናኝ አደገኛ የደም መፍሰስ ሊያስከትል እንደሚችል የታወቀ ነው። የልብ ቧንቧ ክዳን የተቀየረላቸውና ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች ባሉበት ሀገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ለድካም የሚታዘዙት ጂንሰንግና ኋንግቺ የተባሉት ሥሮች ብዙ ጥናት ቢደረግባቸውም አብዛኞቹ ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን የያዙና ጥራታቸው ዝቅተኛ ስለሆነ በእነርሱ ተማምኖ ምርመራን ማዘግየት አይገባም።

ምን እናድርግ?

«ደሜ አይዘዋወርም» የሚለው ቃል ምርመራ አይደለም፤ ወደ ምርመራ የሚያስገባ በር ነው። ከበሩ በስተጀርባ ደም ማነስ፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ ወባ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ማነስ፣ እርግዝና፣ ሐዘንና ጭንቀት ሊኖሩ ይችላሉ። የዐይን ሽፋንን ገልጦ ማየት፣ የእግር ትርታን መዳሰስ፣ ሄሞግሎቢን መለካት ለአብዛኛው የጤና ተቋም የሚያዳግት ሥራ አይደለም። ከዚህ ጋር ለሁሉም ሕመምተኛ በእኩል አክብሮት ሊቀርቡ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ከእኛ ከመምጣትዎ በፊት ምን ወሰዱ? ምን ተሰማዎት? ካርቶኑን ወይም ቅጠሉን ሊያሳዩኝ ይችላሉ? የተሰጠው መልስ በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የተጻፈ ነገር ለሚቀጥለው ባለሙያ ይጠቅማልና።

ሕመምተኛዋ ደም ተሰጣት፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የብረት ክኒንም ለወራት ወሰደች። ከግማሽ ዓመት በኋላ ለክትትል ስትመጣ ሄሞግሎቢኗ 12.1 ሆኖ ነበር። «አሁንስ ደምሽ ይዘዋወራል?» ብዬ ጠየቅኋት። «እሱማ ድሮም ይዘዋወር ነበር፤ የሚዘዋወረው ነው ያለቀው» አለችኝ። በዚያ ቀን ሁለታችንም አብረን ሳቅን። ከዚያም ቦርሳዋን ከፍታ ጎረቤቷ ለጉልበት ሕመም የምትወስደውን ሌላ ካርቶን አወጣችና «ይህንንስ እይልኝ፤ ደህና ነው ወይ?» አለችኝ። ተቀበልኳትና በላዩ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ።